ከዋንጫው በኋላ እንነግረዋለን

ጋምቤላ
ኅዳር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባንተአምላክ፣

ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ሰላምታዬ ይድረስህ። ቤዚንና ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ አኩራፊ አማች ሆኗል። ሰማዩ ሲጠቁር ቀድሞኝ ያውቃል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም።

ጎኝ በደህና መግባቱን ሰምቼ እፎይ አልኩ። ያዥጎደጎድከውን ጥያቄ ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ማልያ ለብሰን ቅርጫት ኳስ ስንጫወት ስለኔ ያልጠየቅኸውን ሁሉ ስለዚህ ልጅ ጠየቅኸኝ። በተራ ልመልስልህ።

ዕድሜው ሃያ ግድም ነው። እናቱን ብጠይቃት "ባሮ ሞልቶ ከብቱን የወሰደ ዓመት ነው የተወለደው" አለችኝ፤ አንተ ደግሞ ለፌዴሬሽኑ የሚሆን ቀንና ወር ትፈልጋለህ። አንዱን ጻፍና ተገላገል። የኔንም ያኔ የጻፍከው አንተው ነህ።

ግንባሩ ላይ ያሉት መስመሮች የጠብ ጠባሳ አይደሉም። ኑዌሮች ልጃቸው አድጎ ወንድ ሲሆን የሚያወጡለት ነው። ሲቆረጥ ድምፅ አላሰማም አሉ፤ ስለዚህ በአንድ ፋውል ያለቅስብኛል ብለህ አትስጋ።

"ኳስ አያነጥርም፣ ይዞ ይቆማል" ላልከው ጥፋቱ የሜዳችን ነው። የምንጫወተው አፈር ላይ ነው። ዝናብ የመታው አፈር ላይ ኳስ ብታነጥር እዚያው ተለጥፋ ትቀራለች። ስለዚህ ልጆቼ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያሳልፏት። አንተ ሲሚንቶ አለህ፤ የቀረውን አስተምረው።

ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ እናቴ ወደሰፈረችበት ወደ አቦቦ ልሄድ ነው ስልህ "እዚያ ሄደህ ማንን ልታሠለጥን፣ ጉማሬ?" ብለኸኝ ነበር። ይኸው ክልሉ ሲቋቋም የስፖርት ቢሮ ተከፈተ፣ አሠልጣኝ ተባልኩ፣ ማንን እንዳሠለጠንኩም አየህ። እናንተ "ቀጭኔው" ስትሉኝ የነበርኩት ሰውዬ ኑዌሮቹ ያሉበት ኒውላንድ ሰፈር ስገባ ሴቶቹ ቁልቁል ነው የሚያዩኝ።

አሁን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርህ። ልጁን ይዤ ልወጣ ስል እናቱ እጄን ያዘችኝና በኑዌርኛ ተናገረች። እህቱ ኛሉዋክ ገበያ ስለምትውል አማርኛ ትችላለች፤ እሷ ተረጎመችልኝ። "ልጄን የሰጠሁት ለኳስ አይደለም፣ ላንተ ነው። ስጠራው ይምጣ" ነው ያለችው። "ስትጠሪው ይመጣል" አልኳት። በነሱ ቤት የሚጽፍም የሚያነብም የለም፤ መልእክቷ የሚያልፈው በኔና ባንተ ነው። አደራ።

አስማረ


አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

አስማረ፣

ከይቅርታ ልጀምር። ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ስትልክ አንድም መልስ አላገኘህም፤ "ባንተ ሹመት አግኝቶ ረሳኝ" ብለህ እያማኸኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሹመቱ ቀርቶብኝ ያለኝ ወንበር በተረፈልኝ። ፋብሪካው ወደ ግል ሊዞር ነው ይባላል። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ "እኛ ቆዳ የምናለፋ ሰዎች ነን፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን ምን ያደርግልናል? ዋንጫ ካመጣችሁ ግን ለገዢው የምናሳየው ነገር ይኖረናል" አለኝ። ነገሩ ገብቶሃል። ዋንጫ ካጣሁ ክለቡ ፈርሷል፤ ልጆቹም እኔም ጎዳና ነን።

ስለ ብርዱ ለጠየቅኸኝ፣ ቤዚ ካፖርቴን ሰጥታው እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። እኛ ቤት አልጋው ላይ ጥግ ለጥግ ነው የሚተኛው። በመዝገብ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ልክ አንተ የቀለም ክፍል ሠራተኛ እንደነበርከው። አንድ ቀን እንኳ ቀለም ሳትነካ ጡረታህን ቆጠሩልህ!

ኳስ ማንጠር ተምሯል። ሲሚንቶ ላይ ኳሷ ወደ እጁ እንደምትመለስ ያየ ዕለት እንደ ሕፃን ሳቀ። "እዚህ መሬት ኳስ ይመልሳል። ጋምቤላ መሬት ኳስ ይበላል" አለኝ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ሲያነጥር ጎረቤት ሁሉ አቤቱታ ይዞ ይመጣል። አስማረ፣ ይህ ልጅ አንተና እኔ ያላየነውን ያያል። ከቀለበቱ ሥር ሲነሳ ሌሎቹ ገና ለመዝለል ጉልበታቸውን እያጠፉ ነው።

እሁድ እሁድ "ደብዳቤ መጣ? እናቴ ምን አለች?" ይለኛል። አንተ የምትልከውን አነብለታለሁ። ስለዚህ ለሱ የማይሆን ወሬ ካለ በሌላ ወረቀት ጻፍልኝ፤ ያንን ለብቻዬ አየዋለሁ። ደግሞ "እናቴ ከጠራች እኔ ሄዳለሁ፣ ጨዋታ ቢሆንም" ብሎኛል። እሺ አልኩት። እሺ የማይባል ነገር አይደለም።

ቤዚ ሰላም ብላሃለች። ማር ላክልን።

ባንተ


ጋምቤላ
ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ባንተ፣

የፋሲካ ሰላምታህ ደርሶኛል፤ እንኳን አብሮ አደረሰን። ይህንን ወረቀት ለብቻህ አንብበው። ለጎኝ የሚነበበው ሌላው ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ማንጎው ጽፌለታለሁ።

እናቱ ታማለች። ሆዷ ተነፍቷል፣ እህል አይወርድላትም። ሐኪም ቤት ወስደናት "ቤቷ ትሁን" ብለው መለሷት። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ትናንት ኛሉዋክ ቢሮ መጣች። አልተቀመጠችም። "እናቴ ጎኝን ጠርታለች። ላክ" አለችኝ። "ዛሬውኑ እልካለሁ" አልኳት። ቴሌ ሄድኩ፤ መስመሩ ከጎሬ ወዲህ ተበጥሷል አሉኝ። ስለዚህ ይህንን ጽፌ፣ ሸቀጥ ሊያመጣ ወደዚያ ለሚወጣው ለነጋዴው ለኢድሪስ ሰጠሁት። ላክሁ ማለት ነው። ግን እንደምታየው ፖስታው ላይ ያለው ያንተ ስም ነው እንጂ የጎኝ አይደለም።

ንገረው። ወይም አንተ እንደሚመስልህ አድርግ፤ ቦታው ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ግማሽ ፍጻሜው መድረሱንም አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ጨክኜ መጻፍ አቃተኝ። እሱን ከመሃል መንገድ ስጠራው፣ አንተም ክለብህን ስታጣ ታየኝ። አላውቅም፣ ባንተ። ብቻ ንገረው።

አስማረ


አዲስ አበባ
ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ አስማረ፣

የማንጎውን ወረቀት አነበብኩለት። ሌላውን አቃጠልኩት።

አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ብነግረው በማግስቱ መኪና ላይ ነው። ያለሱ ግማሽ ፍጻሜውን አናልፍም። ካላለፍን ክለቡ የለም፣ ክለቡ ከሌለ እሱም ተስፋ የለውም፤ ታማሚ እናቱ ጋ ባዶ እጁን ሄዶ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ካሸነፍን ግን በቋሚነት ይፈርማል፣ እናቱንም እዚህ አምጥቶ ያሳክማታል። እኔ ለሱ ብዬ ነው። ለራሴም ብዬ ነው፣ አልዋሽህም፤ ግን ለሱም ብዬ ነው።

ደግሞ በ74 ድሬዳዋ የሆነውን አስታውስ። አባትህ ካረፈ ሳምንት አልፎት ነበር። ሽማግሌዎቹ "ጨዋታው ሳያልቅ እንዳይሰማ" አሉ፤ እኔ አንድ ክፍል አብሬህ እያደርኩ አፌን ዘጋሁ። ዋንጫውን ይዘን ስንመለስ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን አረዳንህ። አንተ ራስህ "ለብቻዬ በሰው አገር ብሰማው ኖሮ እሞት ነበር" ብለህ አመስግነኸናል። በመርዶ እንኳን እንዲህ ካደረግን፣ ይህ ገና ሕመም ነው። እግዜር ያውቃል፣ ልትድንም ትችላለች።

ከዋንጫው በኋላ እንነግረዋለን። ጥቂት ሳምንት ነው።

ባንተ


ጋምቤላ
ግንቦት 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ባንተ፣

እሁድ ግንቦት 18 አረፈች። በዚያው ቀን ጎጆዋ አጠገብ ቀበሯት።

ለጎኝ የሚነበብ ሁለተኛ ወረቀት የለኝም። ምን ብዬ ልጻፍለት? "አስማረ ሥራ በዝቶበታል" በለው።

ያለፈውን ደብዳቤህን አንብቤ ልክ ነህ ብዬ ነበር። አሁንም ልክ ነህ እላለሁ፤ ሌላ ምን ልበል? መርዶ በደብዳቤ አይላክም። ዘመድ ከጎኑ ለሌለ ልጅ፣ ሊያውም በጨዋታ ዋዜማ፣ "እናትህ ሞታለች" ብሎ ማንበብ ጭካኔ ነው። ሲጨርስ ሰው አብሮት ይምጣ። እኔ እዚህ ሁለት ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ይዤ ጎህ ሲቀድ እቀበለዋለሁ፤ በወጉ እናረዳዋለን፣ ይዘነው ወደ ቤቱ እንገባለን። እስከዚያ ከአንተና ከቤዚ አፍ እንዳይወጣ።

አጎቶቹ ከኢታንግ መጥተዋል። እኔም ለቅሶ ደርሼ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ትልቁ አጎት አንድ ነገር ጮክ ብሎ ተናገረ። ኛሉዋክ "ልጁ የት አለ? ነው የሚለው" አለችኝ። ከዚያ እሷው መለሰችለት፣ ተልኮበታል፣ ይመጣል ብላ መሆን አለበት። ሁሉም ወደኔ ዞረው አዩኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ባንተ፣ ያቺን ራስ ንቅነቃ አልወደድኳትም። ቶሎ ጨርሱ።

አስማረ


አዲስ አበባ
ሰኔ 11 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

ዋንጫው የኛ ነው! እንዴት እንደነበረ አትጠይቀኝ፤ እኔ ራሴ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። በመጨረሻው ደቂቃ የሆነውን ከጋዜጣው ታነበዋለህ። የኛ ሰዎች ሜዳ ገብተው ጎኝን ተሸከሙት፤ ያን ቁመት ይዘው ሲወዛወዙ ወድቀው አንገቱን ይሰብሩታል ብዬ ፈራሁ። ፎቶ ተነስቷል፣ ዋንጫውን ከራሱ በላይ ይዞ። ጥርሱን እንዲያ ሲያሳይ አይቼው አላውቅም።

አዎ፣ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ። አልነገርኩትም። ፊርማው ሰኔ 25 ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይገኛል። ከፊርማው በኋላ በቀጥታ አመጣዋለሁ፣ እኔ ራሴ አብሬው እመጣለሁ። ከዋንጫው በኋላ ያልኩት ከፊርማው በኋላ ሆነ፤ ይቅር በለኝ። አሁን ብነግረው ብዕር የሚይዝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለብቻዬ ልሸከመው አልቻልኩም። ትናንት መርካቶ ሄዶ ለእናቱ ቀይ ብርድ ልብስ ገዛ። ቤዚ ሳታስበው "ጋምቤላ ሙቀት አይደለም እንዴ?" አለችው። "እናቴ ሌሊት ይበርዳታል" አላት። ቤዚ ማድቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት አታየውም። እኔንም አታየኝም።

ባንተ


ጋምቤላ
ሰኔ 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ባንተአምላክ፣

ጋዜጣው ከልጁ ቀድሞ ደረሰ።

ኢድሪስ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት መጣ። ክፋት የለበትም ምስኪን፤ "የኛ ልጅ!" ብሎ ሱቁ በር ላይ ለጠፈው። ኛሉዋክ ጨው ልትገዛ ሄዳ አየችው። ገንጥላ ይዛው ሜዳ ድረስ መጣች፣ ልጆቹን እያሠራሁ ነበር። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ያዘችልኝና "ይኸው ወንድሜ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል" አለችኝ። ከዚያ "አንተ አልላክህም ወይስ እሱ እምቢ አለ?" አለች።

ነገርኳት። ምን ላድርግ? "አልነገርነውም" አልኳት። ለምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ፣ እኛ አገር እንዲህ ነው፣ ሰው እንዳይጎዳ ነው አልኩ። "ለቅሶ ላይ አጎቶቼ ጎኝን ሲሰድቡ እዚያ ተቀምጠህ ነበር። እናቱን ረሳ፣ የኛ ልጅ አይደለም ሲሉ እኔ ነገርኩህ። አንተ ዝም አልክ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ነግራኝ ነበር። ላንተ አልጻፍኩልህም እንጂ ነግራኝ ነበር።

እሷን አስከትዬ አጎቶቹ ጋ ሄድኩ። "ልጁ አያውቅም፣ የደበቅነው እኛ ነን" አልኩ። የሆነውን ልንገርህ? አላመኑኝም! ትልቁ አጎት ሳቀብኝ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ መርዶውን ደብቆ ኳስ የሚያጫውት ሰው ዓለም ላይ የለም አለ። ልጁ አውቆ ቀርቷል፣ ይህ ደገኛ ስለሚወደው ይሸፍንለታል አለ። ውሸቴን ሁሉ ሲያምኑኝ ከርመው እውነቱን ስናገር ዋሸህ አሉኝ። ጋዜጣውን ከኛሉዋክ እጅ ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ድሬዳዋን አስታውሰኸኝ ነበር። አመስግኛችሁ ነበር፣ እውነት ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ ሽማግሌው ሁሉ ቆሞ፣ ሌላ ምን ልል እችል ነበር? ዛሬ ልንገርህ። ያንን ጨዋታ አስታውሼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሜዳሊያዬን እናቴ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አንድ ቀን አውጥቼ አላየሁትም። ይህን እያወቅሁ ነው በሰው ልጅ ላይ የደገምኩት።

ፊርማው እስካሁን ካልሆነ ተወው። ዛሬውኑ ንገረውና ስደደው።

አስማረ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

አስማረ፣

ደብዳቤህ ሳይደርስ አውቆ ነበር።

ከኢታንግ የመጣ አንድ ተማሪ ቸርች ውስጥ አግኝቶት "ስለ እናትህ አዘንኩ" ብሎታል። ተማሪው ጎኝ ያውቃል ብሎ ነው። ጎኝ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። እኔ እራት ላይ ነበርኩ። ቁጭ አለና "መቼ?" አለኝ። ምን እንደሚጠይቀኝ ወዲያው ገባኝ። "ግንቦት 18፣ እሁድ" አልኩት። ትንሽ አሰበ። "እሁድ" አለ። "ያን እሁድ እኔ ጥሩ ተጫወትኩ።"

አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ስለ ማንጎው የጻፍክለትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ለካ ይዞት ይዞር ነበር። ጠዋት ስንነሳ ሄዷል። ጫማው፣ ማልያው፣ የኔ ካፖርት፣ ሁሉም አልጋው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የወሰደው ቀዩን ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

ፊርማው ተላልፎ ተላልፎ ቀረ፤ ፋብሪካው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ዋንጫውን አይቶ "ናስ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ክለቡ ፈርሷል። ስለዚህ ይመለስ ብለህ ለምንልኝ አልልህም፤ የሚመለስበት የለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ዘግይተን አፈሰስን፣ የሚለቀምም አልተረፈንም።

እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አንተ "ንገረው" ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ቤዚ ይህን ሁልጊዜ ታስታውሰኛለች። ደረሰ ወይ? ምን አለህ? አንድ መስመር እንኳ ጻፍልኝ።

ባንተ


ጋምቤላ
ነሐሴ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ባንተ፣

ዝም ማለቴን እንደ ቂም አትቁጠርብኝ። እጄ ለመጻፍ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ራስህንም ብቻህን አትውቀስ። "ንገረው" ብዬ ከጎኑ "አንተ እንደሚመስልህ" ብዬ የጻፍኩ ሰው ምን እንደፈለግሁ አንተ ገብቶሃል፣ እኔም ገብቶኛል።

ደረሰ። ከአንድ ሹፌር እንደሚመጣ ሰምቼ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። ዝናብ እየወረደ ነው። አንዱ ሽማግሌ "ያወቀን ሰው እንዴት ነው የምናረዳው?" አለኝ። "እኔ እንጃ፣ ዝም ብለው ይቁሙ" አልኩት። ጎኝ ከመኪናው ወረደ፣ ብርድ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ። "ሰላም፣ አሠልጣኝ" አለኝ። እጄን ጨበጠኝ። የሽማግሌዎቹንም ጨበጠና ወደ ኒውላንድ አለፈ። ሦስታችን እንደተገተርን ቀረን።

አጎቶቹ ፊት ለመቅረብ ቀናት ፈጀበት። እኔም ሄጄ ከዳር ተቀመጥኩ። ትልቁ አጎት ጋዜጣውን ዘርግቶ አሳየው። ጎኝ ረጅም ተናገረ። ኛሉዋክ አጠገቤ ነበረች፤ "ምን አለ?" ብላት "ያንተ አይደለም" አለችኝ። ሲጨርስ ታናሹ አጎት ተነስቶ አቀፈው። ትልቁ ግን በትሩን ይዞ ወጣ። እስከ ዛሬ ጎኝ ያለበት ቤት አይገባም። ያንን እኔ አስታርቄ ልጨርሰው አልችልም፤ በሄድኩ ቁጥር ነገሩ ይብሳል።

የኔን ለጠየቅኸኝ፣ ሜዳው ባዶ ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። አንዷን መንገድ ላይ አግኝቼ "ልጅሽ ለምን ቀረ?" ብላት "እኔ ስሞት እንዲሰማ" አለችኝ። ቢሮው እስካሁን አሠልጣኝ ይለኛል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ኳሷን ይዤ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ይዣት እመለሳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ እንዲሁ ተቀምጬ ሳለ ጎኝ መጣ። ሜዳው ዳር ባለው ግንድ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ።

"እናቴ ስትታመም አንተ እኛ ቤት ትሄዳለህ?" አለኝ።

"በየሁለት ቀኑ እሄድ ነበር።"

"ምን አለች?"

"ጎኝ የት ደረሰ? ትለኝ ነበር።"

"አንተ ምን አልክ?"

ባንተ፣ ይህን ላንተም ጽፌልህ አላውቅም። አፈርኩበት። ለሱ ግን ተናገርኩ። መጀመሪያ ቀን ኛሉዋክ እየተረጎመችልኝ "ተነስቷል፣ ጅማ ደርሷል" አልኳት። በሌላው ቀን ስሄድ ጠየቀችኝ፤ "በደሌ ነው፣ መኪናው ተበላሽቶ" አልኳት። ከዚያ መቱ አደረስኩት። ከዚያ ጎሬ፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ጥቂት ቀን ጎሬ አቆየሁት። እየደከመች ስትሄድ እኔም አፈጠንኩት። በመጨረሻው ቀን "ቡሬን አልፏል፣ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው" አልኳት።

"አመነች?" አለኝ።

"አመነች። 'ወተት አስቀምጪለት' ብላ ኛሉዋክን አዘዘቻት።"

ጎኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም አልተነካካንም። ፊቱን ጠርጎ "እናቴ ጋ እኔ እየመጣሁ ነበር" አለ።

"አዎ፣ እየመጣህ ነበር።"

ተነሳ። ቁመቱን ታውቀዋለህ፤ ተቀምጬ ስላየሁት ይሆናል፣ መጨረሻ የሌለው መሰለኝ። "አሠልጣኝ፣ ለእናቴ የዋሸኸው ጥሩ ነው" አለኝ። "እሱን እኔ እወስዳለሁ። ለኔ የዋሸኸው አንተ ጋ ይቆይ።" ተቆጥቶ አይደለም የተናገረው። እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር፣ ፍርድ ነውና የውሸቱን ሸክም ግማሹን ላንተ ልልክልህ አስቤ ነበር። ግን እኔ ጋ ይቆይ ተብያለሁ። አልልክልህም።

ቤዚን ሰላም በልልኝ።

አስማረ